ከድልድዩ ወዲህ

ጨዋታውን ጨረስከው ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። ደባርቅ ትንሽ ከተማ ናት። አንድ የፊዚክስ መምህር ላፕቶፕ ገዝቶ ጌም እንደሚጫወትበት ከታወቀ፣ ወሬው ከገበያው መናኸሪያ ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ተማሪዎቼ እንኳ ስለ ስበት ሕግ መጠየቅ ሲሰለቻቸው ወደሱ ይዞራሉ። አልጨረስኩትም እላቸዋለሁ። ለምን ሲሉኝ አንዳንዴ በመብራት አሳብባለሁ፣ አንዳንዴ በሥራ። ሲደጋግሙብኝ እቆጣለሁ፤ ቁጣዬ በነሱ እንዳልሆነ ግን አያውቁም።

እኔ የምወደው የኳስ ወይም የመኪና እሽቅድድም ጌም አይደለም። ሰው ሆነህ የምትኖርበትን ነው። መጀመሪያ ሰውየውን ትፈጥረዋለህ፤ መልኩን፣ ሙያውን፣ ስሙን አንተ ትሰጠዋለህ። ከዚያ ይዘኸው አገር ላገር ትዞራለህ። መንደር ትገባለህ፣ ሰው ታናግራለህ። አንድ ሰው ሲናገርህ ሦስት አራት ዓይነት መልስ ተደርድሮ ይቀርብልሃል፣ የሚሻልህን ትመርጣለህ። በመረጥከው ቃል ወዳጅ ታፈራለህ፣ ወይም ደም ትቃባለህ። ጓደኞች ያጅቡሃል፤ እነሱም የየራሳቸው ጠባይ፣ የየራሳቸው ቂም አላቸው። ሲመሽ ጫካ ውስጥ እሳት አንድደው ይቀመጣሉ፣ አጠገባቸው ሄደህ ስለ ልጅነታቸው ታወራቸዋለህ። ይህን የልጅ ጨዋታ ነው የሚሉኝ ሰዎች እስኪ አንድ ጊዜ ተጫውተውት ይንገሩኝ።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን ሴቭ ማድረጉን ነው። እኔ ስናገር የምቸኩል፣ ተናግሬ የምጸጸት ሰው ነኝ። ዳባት ያደግሁበት ሰፈር ሁሉ ይህንን ያውቃል፤ አባቴ «የዚህ ልጅ ምላስ ከእግሩ ቀድሞ ይደርሳል» ይሉ ነበር። አገሬው «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለው ለኔ ዓይነቱ ነው። ጌሙ ግን ከአፋፉ ይመልስሃል። ከመናገርህ በፊት ሴቭ ታደርጋለህ። የተናገርከው ነገር ካበላሸ፣ የሞተ ሰው ካለ፣ መልሰህ ትከፍተዋለህ፤ ሰውየው በሩ ላይ እንደ ቅድሙ ቆሞ ምን ልርዳህ ይልሃል። ያጠፋኸውን አያስታውስም። እኔ በሕይወቴ እንደዚህ ያለ ምሕረት ሌላ ቦታ አላየሁም።

ብቻዬን አልነበረም የምጫወተው። ሦስት ነበርን። አንዱ ባንክ ቤት የሚሠራ፣ ዝምተኛ፣ ሁሌ ሸሚዙን የሚተኩስ ጓደኛዬ ነው። ሌላው ሾፌር ነበር፤ የጭነት መኪና እየነዳ ከመካነ ብርሃን የጃናሞራን ገብስ ያወጣል፣ ሊማሊሞን ወርዶ ወደ ቆላ ዕቃ ያደርሳል። ላፕቶፑ አንድ፣ ሰው ሦስት ስለሆነ ማኅበር አደረግነው። ቀልድ ነበር ሲጀመር። እንደ እውነተኛው ማኅበር በየወሩ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይወጣል፣ በተራ በየቤታችን ይዞራል፣ ተረኛው ዳቦና ጠላ ያቀርባል፣ ላፕቶፑም እንደ ጽዋው ወደ ተረኛው ቤት ይሸኛል። ተረኛው መንገድ ቢወጣ ቤተሰቡ ተራውን ያወጣለታል እንጂ ማኅበሩ አይታጠፍም። ይህንንም ሕግ ያወጣነው ስንስቅ ነው።

በጌሙ ውስጥ ሦስት ሰዎች አብረው ይጓዛሉ፣ ለየአንዳንዳችን አንድ አንድ ደረሰን። ባንከሩ ቀስተኛ ሆነ። እኔ አስማተኛ ሆንኩ። ሾፌሩ ጋሻ ያዥውን መረጠ። ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጠባሳ ሳይቀር አስመስሎ ሠራው፤ ስም ስጠው ሲባልም የክርስትና ስሙን ሰጠው። በዚህ እንኳ ተከራክረናል። «የክርስትና ስም እንዴት ለጌም ይሰጣል?» አልኩት። «ተዝካሬን ሲያወጡልኝ ብቻ ነው እንዴ የሚጠራው? እኔም በቁሜ ልስማው እንጂ» አለኝ።

አጨዋወቱ ያናድደኝ ነበር። እንዲህ ያለ ጌም የሚጫወት ሰው ሁሉ መንደር ሲገባ የሰው ቤት ገብቶ ሣጥን ይከፍታል፤ ወርቁን፣ መድኃኒቱን፣ ዳቦውን ይወስዳል፣ ማንም አይቆጣውም። ጌሙ ራሱ የተሠራው እንደዚያ ነው። ሾፌሩ ግን እምቢ አለ። ባለቤቱ ቆሞ እያየ እንዴት ሣጥኑን ትከፍታለህ ይለኛል። «ኧረ አይናገርህም፣ ስዕል ነው!» እለዋለሁ። «ስዕል ከሆነ ምን አስቸኮለህ» ይላል። ሰው ሲያናግርም አይቸኩልም። እኔ የጌሙ ሰውዬ እንግሊዝኛውን ገና ሳይጨርስ ቁልፍ እየተጫንኩ ወደ ጉዳዩ መሄድ እፈልጋለሁ፤ እሱ ሰላምታው እስኪያልቅ ይጠብቃል፣ ከዚያ በራሱ ድምፅ ይተረጉመዋል። በሱ አፍ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት የጃናሞራ ሽማግሌ ይሆናል፤ «እንደምን ዋላችሁ፣ ከብቱስ፣ አዝመራውስ፣ ልጆቹስ እንደምን ሰንብተዋል» እያለ ይጠይቃል። ባንከሩ ጠላው በአፍንጫው እስኪወጣ ይስቅ ነበር።

በመጨረሻዋ እሑዳችን አንድ ድልድይ ጋ ደረስን። ትልቅ ገደል፣ በላዩ የድንጋይ ድልድይ፣ ከማዶ ጉም። ጌሙ ከዚህ ከተሻገርክ ወደ ኋላ መመለስ የለም ብሎ ያስጠነቅቃል። ሾፌሩ በማግስቱ ሊማሊሞን ወርዶ ወደ ሁመራ ዕቃ ሊያደርስ ነበር። ጫማውን እያሰረ «እኔ ሳልመጣ እንዳትሻገሩ» አለን። እሺ አልን። ባንከሩ ማለ፤ እኔ በእጄ ሂድ ሂድ አልኩት።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ተዘጋ። ኔትወርኩም ጠፋ። በዚህ አገር የኖረ ሰው እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሲያነብ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም መንገደኛ እንደዚያው ነው ተባባልን። ቀጥሎ የሚጠየቅ ሰው መፈለግ ጀመርን። ከቆላ በእግሩ ወጣ የተባለን ሰው ሁሉ ጠየቅን፤ አንዱ አይቼዋለሁ ይላል፣ ሌላው መኪናውን ብቻ አየሁ ይላል። ስልኩ ላይ ስደውል ያቺ የቴሌ ሴትዮ ያው «ማግኘት አይችሉም» ትለኛለች። ድምፅዋን እስካሁን ስሰማ ደሜ ይፈላል።

የሱ ተራ ደረሰ። እኔና ባንከሩ ማኅበሩን ለመተው ተነጋግረን ነበር። ቅዳሜ ገበያ ላይ እናቱን አገኘኋቸው። ከልጃቸው በቀር ማንም የላቸውም፤ ሁለቱ ብቻ ናቸው አንድ ቤት የሚኖሩት።

«ነገ የልጄ ተራ ነው፤ ዳቦውን ደፍቻለሁ» አሉኝ።

«እትዬ፣ እሱ ሲመጣ ያወጣዋል፣ አንቱ ምን አደከመዎት?»

«ተረኛ መንገድ ከወጣ ቤተሰቡ ያወጣል ብላችሁ የለም? ምነው፣ እኔ ቤተሰቡ አይደለሁም?»

ከዚያ ጀምሮ የሱ ተራ የሳቸው ሆነ። ላፕቶፑን ከፍተን ስናስቀምጠው አጠገባችን በርጩማ ስበው ይቀመጣሉ። ጋሻ ያዥውን አሳየኋቸው። ጠባሳዋን ሲያዩ ስክሪኑን በጣታቸው ነኩት። የክርስትና ስሙን ሳነብላቸው አማተቡ፤ ይቆጡኛል ብዬ ነበር፣ አልተቆጡም። የሚጠይቁት ሌላ ነው። «የት ያድራል? ምን ይበላል? ያ ልብሱ ለብርድ ይሆነዋል?» ይላሉ። ለጌሙ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ እኔ ግን እንደ እውነት እመልሳለሁ። እሳት አንድደው ያድራሉ እላለሁ። ዳቦና ሥጋ አላቸው እላለሁ። በጾም ቀን ከሆነ ሥጋውን እተወዋለሁ።

ድልድዩን አልተሻገርንም። ወደ ኋላ እየተመለስን የተጨረሱ መንደሮችን እንዞራለን። ጠላት የሌለበት መንገድ እመርጣለሁ፤ ተኩላ ከመጣ ጋሻ ያዥውን ወደ ኋላ አስቀርቼ እኔው እገጥመዋለሁ፣ ይህ በዚህ ጌም ሕግ ሞኝነት ነው። እሳቸው እያዩ እሱ ሲቆስል ማሳየት አልቻልኩም። «ጦርነት አታግባው» ብለውኛል። ይህን ያህል ዓመት ጌም ስጫወት ማሸነፍ እንጂ ሰው ማትረፍ ብቻ አስጨንቆኝ አያውቅም ነበር።

ያ ጠዋት የመጣው በዚህ መሀል ነው።

መብራት ሳምንቱን ሙሉ ጠፍቶ ሰንብቷል። እሑድ የሳቸው ተራ ነው፣ ላፕቶፑ ደግሞ ባትሪው ሞቷል። በዚያው እሑድ ገና ጎህ ሲቀድ ባንከሩ በሬን አንኳኳ። በእትዬ ሰፈር መስመር ላይ መብራት መጥቷል፣ ሳይሄድ እንድረስ አለኝ። ደባርቅ ማለዳ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሁለታችንም ጋቢያችንን እስከ ዐይናችን ተከናንበን ወጣን። ላፕቶፑን ጤዛ እንዳይነካው ብዬ ጋቢዬ ውስጥ ደበቅሁት። መንገድ ላይ የዕድራችን ዳኛ፣ እድሜ የጠገቡ ሽማግሌ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ደረሱብን። እሳቸውም ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። ወዴት ናችሁ አሉን፤ ወደ እትዬ ቤት አልን። «እግረ መንገዴን እኔም ልጠይቃት፣ ልጇ ከጠፋ ወዲህ አላየኋትም» አሉና አብረውን ታጠፉ።

ማናችንም አላሰብነውም። ይህ ከሁሉ ይገርመኛል። እኛ የዚህ አገር ልጆች ነን፤ መርዶ እንዴት እንደሚሄድ ከልጅነታችን እናውቃለን። ሰው ሲሞት ለእናቱ በስልክ አይነገራትም፣ ቀን ገበያ ላይም አይነገራትም። ንጋት ላይ፣ ከቤቷ ሳትወጣ፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌና የልጇ ጓደኞች አብረው በሯ ላይ ይቆማሉ።

በሩን ራሳቸው ከፈቱት። መጥረጊያ በእጃቸው ነበር። ሽማግሌውን አዩ፣ ባንከሩን አዩ፣ እኔን አዩ። ሽማግሌው በዚያ ረጋ ባለ ድምፃቸው «እንደምን አደርሽ ልጄ፤ እስቲ ወደ ውስጥ እንግባ» አሉ።

መጥረጊያው ወደቀ።

«ልጄን!»

«ኧረ እትዬ ምንም የለም! ለመብራት ነው የመጣነው!» ብዬ ጮህኩ።

እኔ ብሆን አላምንም ነበር። መርዶ ነጋሪ መቼ በሞት ይጀምራል? ብርዱን ያነሣል፣ አዝመራውን ይጠይቃል፣ እግረ መንገዳችንን ነው ይላል። ባንከሩ ደግሞ፣ ያ ወር ሙሉ ሁለት ቃል የማይናገር ሰው፣ «እሱ ደህና ነው፣ ደህና ነው» ማለት ጀመረ። ማንም ሳይጠይቀው። በቃ፣ ያ ጨረሰን።

ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ ደረሰ። አንዱ ሮጦ ሄዶ የዕድሩን ጥሩንባ ነፊ ቀሰቀሰው፤ ጥሩንባው ላይኛው ሰፈር ሲነፋ ይሰማኛል። እኔ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞርኩ ኧረ አልሞተም እላለሁ፤ ሰዎች ትከሻዬን ይዘው አይዞህ ይሉኛል፣ ሐዘን ያሳበደኝ መስሏቸው። አንዲት አልቃሽ ጎረቤት ግቢው መሀል ቆማ ግጥሙን አወረደችው፦

«ሊማሊሞ ዳገቱ፣ ስንቱን ጭኖ አወጣ፣
ያንተ መኪና ብቻ፣ ምነው ወርዶ ሳይመጣ።»

እናቱ ደረታቸውን ይመታሉ። በሕይወቴ አንድ ቁልፍ ተጭኜ ወደ ኋላ መመለስ የፈለግሁበት ጊዜ ቢኖር ያ ጊዜ ነው። ከበሩ በፊት፣ መታጠፊያው ላይ፣ ሽማግሌው ሳይደርሱብን። ጣቶቼ ጋቢዬ ውስጥ ላፕቶፑን ጨብጠው ነበር።

በመጨረሻ ሽማግሌው በርጩማ ላይ ወጡ። «በማርያም ይዣችኋለሁ፣ ዝም በሉ! መርዶ የለም! የነገረኝም የለ፣ የሰማሁትም የለ!» ብለው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው ማሉ። ግቢው ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። እኔ ላፕቶፑን ከጋቢዬ አውጥቼ ከፍ አድርጌ አሳየሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ማስረጃ መስሎኝ ይሆናል። ሰው ሁሉ ያቺን ጥቁር ነገር ቀና ብሎ አየ።

ለለቅሶ የመጣ ሰው እንዲሁ ተነሥቶ አይሄድም። እንግዳ ሆኖ ተቀመጠ፣ አንገቱን ደፋ። ለማኅበራችን የተደፋው ዳቦ ለነሱ ተቆረሰ። እናቱ ጥግ ላይ ተቀምጠው አንድ ነገር ይደጋግሙ ነበር።

«በቁሙ አለቀስኩበት። ልጄን በቁሙ አለቀስኩበት።»

ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «እናንተ ምን አጠፋችሁ ልጄ፤ አፌ ነው የቸኮለ» አሉኝ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። የንስሐ አባታቸው ጸሎት አድርሰው ጠበል ረጯቸው፤ ሟርት በእግዚአብሔር ፊት ኃይል የለውም ብለው አጽናኗቸው። እሳቸው ግን የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ብለው አመኑ። ከዚያ ቀን በኋላ ልጃቸውን የሚያስቡት ከነፍርሃታቸው ነበር።

እኔ ቤቴ ገብቼ ማታ መብራት ሲመጣ ላፕቶፑን ከፈትኩት። ሾፌሩ በተወበት ሴቭ ጋሻ ያዥው ድልድዩ አጠገብ ቆሟል። ዘጋሁት፣ መልሼ ከፈትኩት፤ ቆሟል። ይህን ስንት ጊዜ እንዳደረግሁ አላውቅም። ድሮ የሚያጽናናኝ ይህ ነበር፣ የተበላሸው ሁሉ ተመልሶ እንዳልነበረ መሆኑ። ያን ቀን ግን አስጠላኝ። ጥቅሙ ምንድን ነው? አልኩ። ሰው የፊቱን በር በትክክል ማንኳኳት ሳይችል በሐሰት አገር ውስጥ ቃል እየመረጠ፣ እየሰረዘ፣ እንደገና እየመረጠ ዓመት ይፈጃል። ስንት እሑድ ሾፌሩን ቶሎ በል እያልኩ አቻኩዬዋለሁ። የመጠጥ ቤቱን ሽማግሌ ሰላምታ እስከ መጨረሻው የሰማሁት አንድም ጊዜ የለም።

ማኅበሩ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ተራቸው ሲደርስ ግን እናቱ ሰው ላኩብኝ። መልእክቱ እንዲህ ነበር፦ ኑ፤ ነገር ግን በማለዳ እንዳትመጡ፣ ጋቢም እንዳትለብሱ፣ ያንን ነገራችሁን ከፍ አድርጋችሁ ይዛችሁ፣ ከመንገድ ጀምራችሁ እየሳቃችሁ ኑ።

እየሳቅን ሄድን። እኔና ባንከሩ፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከመታጠፊያው ጀምረን ያለ ምክንያት እየሳቅን። ሰው ቆሞ ያየናል። ባንከሩ መሳቅ አያውቅበትም፤ እንደሚያስነጥስ ሰው ነው የሚያደርገው፣ እሱን እያየሁ ግን እኔ አንዳንዴ የእውነት ይመጣልኝ ነበር። እትዬ ከውስጥ ሆነው ሳቃችንን ሲሰሙ «መጣችሁ?» ይላሉ፣ ድምፃቸው ውስጥ ትንፋሻቸው ሲመለስ ይሰማል። በየተራቸው እንዲህ ሆነ። በሌላ ጉዳይ እንኳ በበራቸው ሳልፍ ጮክ ብዬ ስቄ አልፋለሁ፣ ኮቴዬን ሰምተው እንዳይደነግጡ። አንድ ተማሪዬ መምህር ምን ሆኑ ብሎ ለጓደኛው ሲያንሾካሽክ ሰምቻለሁ። ይበል።

ከዚያ መንገዱ ተከፈተ። መኪና ሊማሊሞን ሲወጣ ሕዝቡ መናኸሪያው ላይ ቆሞ ጠበቀ። እኔ ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ዘበኛው ሰው ይፈልግሃል አለኝ። በር ላይ ፊቱ በፀሐይ የጠቆረ ሾፌር ቆሟል፤ መንገዱ ሲዘጋ ከጓደኛችን ጋር ቆላ ቀርቶ የነበረ የሥራ ባልደረባው ነው። ሰላምታው ረጅም ነበር። ትምህርቱን ጠየቀኝ፣ ዝናሙን ጠየቀኝ፣ ቤተሰብን ጠየቀኝ። እኔም ሁሉንም መለስኩ፣ አንዱንም አልዘለልኩም፤ እንዲያልቅ አልፈለግሁም ነበር።

ንዳድ ነው የገደለው። ደገኛ ቆላ ሲያድር የሚይዘው ያው ንዳድ፣ ደባርቅ ቢሆን በክኒን የሚድን። መድኃኒት አልነበረም። የቀበረው ይኸው ባልደረባው ነው። እናቱ ያለቀሱበት ማለዳ ገና በሕይወት እንደነበረ፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ሰንብቶ እንደሞተ ነገረኝ። ይህንን ለእትዬ እንዳትነግራቸው ብዬ ለመንኩት። ያ ለቅሷቸው እንደጠራው ከማመን ማን ያስጥላቸዋል?

ወደ ዕድሩ ዳኛ ሄድን። ነገ ንጋት ላይ ተባለ። ከዚያ ወጥቼ ወደ ቤቴ ስሄድ እትዬን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። መንገዱ ተከፈተ ብለው ፊታቸው በርቷል፣ መናኸሪያ ቆመው ውለዋል።

«ዛሬ ባይመጣ ነገ ይመጣል» አሉኝ። «እሑድ የኛ ተራ ነው፣ ዳቦውን አብልጬ ነው የምደፋው።»

ጌም ቢሆን እዚህ ጋ ሦስት አራት መልስ ይደረደርልኛል። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። አንዱንም መናገር አይቻልም፤ መርዶ በመንገድ አይነገርም፣ በምሽትም አይነገርም።

«እሺ እትዬ» አልኩና ሳቅሁላቸው። ያን ሳቅ ከየት እንዳመጣሁት እግዚአብሔር ይወቅ።

ንጋት ላይ ጋቢያችንን ለብሰን ተሰበሰብን፤ ሽማግሌው፣ የእትዬ የንስሐ አባት፣ ባልደረባው፣ ባንከሩ፣ እኔ። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ እግሬ ቆመ። እስከ በሩ ድረስ ብስቅላቸው፣ ያቺን ታህል መንገድ ልጃቸው በሕይወት ይቆይላቸዋል ብዬ አሰብኩ። ባንከሩም ያንኑ እንዳሰበ ዐይኑን አይቼ አወቅሁ። አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ዝም ብለን ሄድን፤ ጠጠሩ ከእግራችን ሥር ሲንኮሻኮሽ ይሰማል።

እትዬ በሩን ከፍተው ደፉ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። አልጮኹም። አንድ በአንድ አዩን፤ እኔ ጋ ሲደርሱ ባዶ እጆቼን አዩ።

«ከመታጠፊያው ጀምሬ ስሰማ ነበር» አሉኝ። «ምነው ልጄ፣ ዛሬ አልሳቃችሁም?»